ማነቂያውና መርዶው

ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ እናታችሁ ምን ትሠራለች ተብለው ሲጠየቁ «ባቡር ታስተነፍሳለች» ይሉ ነበር። መምህርታቸው ግራ ገብቷት አንድ ቀን በር ላይ ያዘችኝና «እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። አሁን ጡረታ ወጥቼ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ማዶ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር ላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደረብ እያየሁ፣ ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ አነጋገር አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አደገኛ ፈሳሽ የሚጭን የባቡር ታንከር አናቱ ላይ ክዳን ያለው ቆብ አለው። ከቆቡ ሥር የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይቀመጣል። ታንከሩን ፀሐይ ሲመታው ወይም እሳት ሲቀርበው ውስጡ ያለው ይሞቃል፣ መውጫ ይፈልጋል። ቫልቩ ውስጥ ያለ ወፍራም ሞላ እስከተወሰነለት ግፊት ድረስ መዝጊያውን ተጭኖ ይይዛል። ግፊቱ ከዚያ ሲያልፍ ሞላው ይሸነፍና ጥቂት ያስወጣል፤ ሲበርድ መልሶ ይዘጋል። ሳያስተነፍስ ከቀረ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል፤ ያለ ጊዜው ካስተነፈሰ ደግሞ አጠገቡ የቆመው ሰው መርዝ ይስባል። ቫልቩ በሰዓቱ እንጂ ቀድሞም ዘግይቶም እንዳይከፈት ማድረግ ነበር ሥራዬ።

ከጎንደር የመጣሁት ሁለት ልጆቼን ይዤ፣ እናቴን ትቼ ነው። «የእሷ ተራ ሲደርስ ትመጣለች» ተባልን። የመጀመሪያ ሥራዬ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ታንከር የሚጠገንበት ወርክሾፕ ውስጥ ጽዳት ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከመጥረጊያ ወደ ቫልቭ ያሻገረችኝ አንዲት ጥፋት ናት። አንድ ጠዋት ከአሮጌ ጨርቅ ጋር የተጠቀለለ ክብ ብረት ቆሻሻ መስሎኝ ጣልኩ። ለካ የቫልቭ መዝጊያ ኖሯል። ፊማ የሚባል ከዩክሬን የመጣ ሸምገል ያለ ቴክኒሻን የቆሻሻውን ገንዳ ገልብጦ፣ እስከ ክርኑ ገብቶ አወጣት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ብረቷን አጥቦ እጄ ላይ አኖረና «ምን እንደሆነች ካወቅሽ ዳግመኛ አትጥያትም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳ ሰዓቱ አንድ ነገር ያሳየኝ ነበር። ዕብራይስጡ እንደኔው የተሰባበረ ስለነበር እርስ በርስ ተግባባን፤ ሌላው ሰው ነበር እኛን ለመረዳት የሚቸገረው።

ፊማ መዝጊያ ሲያለሰልስ ማየት ደስ ይል ነበር። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ደቃቅ የመሞረጃ ቅባት ይቀባል፣ መዝጊያውን በሦስት ጣቱ ይይዛል፣ ስምንት ቁጥር እየሠራ ይገፋዋል። እጁን አይጫንም፤ ብረቱ በራሱ ክብደት ይሂድ ይላል። ያን ጊዜ ወሬ ክልክል ነው፣ ዘፈን ግን ይፈቀዳል፤ «ወሬ እጅን ያስቆማል፣ ዘፈን ያስኬዳል» ባይ ነው። ጨርሻለሁ ስለው ብረቱን ወደ ፊቴ ያዞርና «ጥርስሽ ይታይሻል?» ይለኛል። ካልታየኝ ገና ነኝ። ከዚያ ቫልቩ ተገጥሞ መፈተኛው ላይ ይወጣል፣ በአየር ይነፋል፣ መውጫው ውኃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ ይጠበቃል። ያልተፈለገ አረፋ ከወጣ እንደገና ወደ መስታወቱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት በዕብራይስጥ ልነግረው ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ ያለ ተረት ያውቀው ነበር።

ከየቦታው የሚመጣው ቫልቭ የሰውን ጠባይ ይናገራል። አንዴ አንድ ቫልቭ ከነሞላው በደማቅ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ መጣልን፤ ትልቅ እንግዳ ስለሚጎበኝ ያማረ እንዲሆን ብለው ነው። ቀለሙ ደርቆ መዝጊያውን ከሚያርፍበት የብረት ወንበር ጋር አጣብቆታል። ሌላ ጊዜ መውጫው ውስጥ ተርብ በጭቃ ቤት ሠርታ አገኘን። በጣም የሚያናድደኝ ግን ቫልቩ ሲያፈስ ብሎኑን አጥብቆ ዝም የሚያሰኘው ሰው ነው። ማፍሰሱን ያቆማል፣ ሰውየውም ችግሩን ፈታሁ ብሎ ሻዩን ሊጠጣ ይሄዳል፤ ቫልቩ ግን ከዚያ በኋላ መከፈት ባለበት ግፊት አይከፈትም። ለዚህ ነው ብሎኑን በሽቦ አስረን እርሳስ የምናትምበት። ማኅተሙ ተበጥሶ የመጣ ቫልቭ ካየሁ ያን ቀን ከእኔ ጋር መነጋገር ባይሞከር ይመረጥ ነበር።

አለቆች ተፈራረቁ። አንዱ ይጮኽ ነበር፣ አንዱ ሥራውን ሳያውቀው ለቀቀ፣ የመጨረሻው ዳኒ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥድፊያ ሲይዘው ግን ጥሩነቱን ይረሳዋል።

አሁን ስለ ማነቂያው ልናገር። ቫልቩ ታንከሩ ላይ ከተመለሰ በኋላ ታንከሩ ራሱ በውኃ ይፈተናል። የፈተናው ግፊት ቫልቩ ከሚከፈትበት ስለሚበልጥ፣ ቫልቩ እንዳይከፈት በብረት መያዣ ጥርቅም አድርገን እንይዘዋለን። ማነቂያ የምንለው እሱን ነው። ፈተናው ሲያልቅ መነሳት አለበት፤ ሳይነሳ ከቀረ ታንከሩ ቫልቭ እያለው እንደሌለው ነው። የወርክሾፑ ደንብ ማነቂያን ያሰረ እጅ ይፍታው ይላል። ፊማ በደንቡ ላይ የራሱን ልማድ ጨመረበት፤ ማነቂያውን ባሰረ ቁጥር የቤቱን ቁልፍ በቀይ ጨርቅ አድርጎ እላዩ ላይ ያንጠለጥላል። «ቤትሽ መግባት ከፈለግሽ መጀመሪያ ቫልቩን ፍቺ» ይለኝ ነበር። ቁልፍ የተንጠለጠለበትን ማነቂያ ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም። ፊማ ጡረታ ሲወጣ ልማዱ ለእኔ ቀረ። እኔም ከእኔ በኋላ ለመጡት አስተማርኩ። ከእነሱ አንዱ ጌታሁን ነው፤ ከጎንደር ከመጣ ብዙ ያልቆየ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ሥራው በቋሚነት ገና ያልጸደቀለት ሰው።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ የበጋው ሙቀት በጣም የከበደበት ጊዜ ነበር። አሞኒያ የሚባለውን መርዘኛ ኬሚካል የሚጭን ታንከር ፈትነን ጨርሰናል። ወረቀቱን ፈርሜያለሁ፣ ግፊቱ እየወረደ ነው፣ የቀረኝ ማነቂያውን መፍታት ብቻ ነው። ሙሉነሽ መጣች። ሙሉነሽ ጎንደር ተራ ስንጠብቅ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ወርክሾፑን ከእኔ በኋላ የምታጸዳው እሷ ነበረች። ቀደም ሲል «ባትሪዬ አልቋል» ብላ ስልኬን ወስዳብኝ ነበር። አሁን ደግሞ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ «ኦርሊ ደወለች፤ ልጇን ትኩሳት ይዞታል። መኪና ውጪ ቆሟል፣ ነይ» አለችኝ። ኦርሊ ልጄ ናት።

«ለአፍታ ቆዪኝ፣ ማነቂያዬን ልፍታ» አልኳት።

«ልጁ እየነደደ ነው እያልኩሽ ስለ ብረት ታወሪያለሽ?» ብላ ክንዴን ያዘች።

ቶሎ የምመለስ መሰለኝ። «ጌታሁን፣ መጣሁ!» ብዬ ጮኼ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የኦርሊ ልጅ ደፉ ላይ ቆሞ ብስኩት ይበላል። ትኩሳት የለበትም። ያኔ ገባኝ። ውስጥ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ የአክስቴ ባል አያ ይርጋ ብድግ አሉ። ጎንደር ሳለንም መርዶ የሚነግሩ እሳቸው ነበሩ፣ እዚህም እሳቸው ናቸው። «እማዋይሽ፣ እናታችን ዐርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። ወሬው በስልክ እንዳይቀድማቸው ተጣድፈው ነበር፤ ስልኬም ለዚያ ነው የተወሰደው። በእኛ ዘንድ ሰው የወላጁን ሞት ብቻውን፣ በሥራ ቦታ፣ በስልክ አይሰማም። ደግ ልማድ ነው፤ ያን ዕለትም አልጠላሁትም።

እናቴ በየሳምንቱ ስንደዋወል «ባቡሩን አስተነፈስሽ?» ትለኝ ነበር፣ ከዚያ «ተራዬስ?» ትላለች። ሁለተኛውን አንድም ቀን መልሼላት አላውቅም። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ማንን እንደምቆጣም አላውቅም ነበር።

ሺቫ፣ የሰባቱን ቀን ሐዘን፣ ተቀመጥን። ሺቫ በተቀመጡበት ቤት ደግሞ በር አይዘጋም፤ ለቀስተኛ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሳይሰናበት ይወጣል። እኔም ከቤት አልወጣም። ስለዚህ ቁልፍ የሚባል ነገር ትዝ የሚል አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰው በዛና ወንበር አነሰ። ምድር ቤት ያለውን መጋዘን ከፍቶ ወንበር ለማውጣት ኦርሊ «እማ፣ ቁልፍሽ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አፌን ከፍቼ ልነግራት ስል ትዝ አለኝ። ቁልፌ ማነቂያው ላይ ነው።

«ቁልፌ!» ብዬ ተነሣሁ። «ቁልፌ! ስልክ አምጡልኝ!»

ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዙኝ። ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጎዳ መያዝ የኛ ደንብ ነው፤ ጠንካራ ጠንካራ ሴቶች እንደሆኑ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «ተይ እማዋይሽ፣ ተይ እህቴ። በሩ ክፍት ነው፣ ቁልፍ ምን ያደርግልሻል?»

«ልቀቁኝ፣ ሰው ይሞታል!»

«አዎ፣ ሰው ይሞታል፤ ሁላችንም ሟች ነን» አለችኝ አንዷ ጀርባዬን እያሻሸች።

«ታንከሩ ታንቋል! ታንቆ ነው የሄደው!»

ሙሉነሽ «እናቷን ነው፣ አእምሮዋን ነካት» ብላ እሪ አለች። አያ ይርጋ «ውኃ አጠጧት» አሉ። አንዷን ገፍትሬ ጣልኩ፣ ሁለት ተጨመሩብኝ። ስልኬ የት እንደተደበቀ ሙሉነሽ ብቻ ናት የምታውቅ፤ እሷ ደግሞ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። አሞኒያ ምን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ እኔን ደግሞ የሚያምነኝ አልነበረም።

በዚያ መሃል ፊማ ባርኔጣውን ደፍቶ ገባ። ለለቅሶ ነው የመጣው፣ አንድ ከረጢት ፖም ይዟል። ከሴቶቹ ራስ በላይ አይቼው በዕብራይስጥ «ፊማ! ቁልፌ ማነቂያው ላይ ቀርቷል!» ብዬ ጮኽኩ። ፖሙን መሬት ላይ አኖረ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የትኛው ታንከር?»

ነገርኩት፣ ለዳኒ ደወለ። ታንከሩ ከወጣ ቆይቷል፤ ወረቀቱ ተፈርሞ ስለነበር ባቡሩ በማግስቱ ጠዋት ጎትቶ ወስዶታል። ደቡብ ወርዶ አሞኒያውን ሞልቶ፣ ፀሐይ ላይ ባቡር ማቆሚያ ውስጥ ተገትሮ ነበር። ዙሪያውን ሰዎች ሥራቸውን ይሠራሉ። ሰው እንዲርቅ ተደረገ፣ ታንከሩ ላይ ውኃ ሲረጩበት ዋሉ፣ ጭነቱን ወደ ሌላ ታንከር አዛወሩት፣ ከዚያ ማነቂያው ተፈታ። ግፊቱ ቫልቩ መከፈት ከነበረበት ብዙም አልራቀም ነበር አሉ። ማንም አልተጎዳም። ይህን እስክሰማ ድረስ ፊማ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቆየ፤ ያን ከሰዓት በኋላ ለእናቴ አንዲት እንባ አላፈሰስኩም፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ስጠብቅ ዋልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሺቫ ስነሣ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ዳኒ ጌታሁንን ሊያሰናብት ነው። የታንከሩን ቆብ የዘጋው ጌታሁን ነበር።

«ማነቂያውን አይቶ ክዳን ይዘጋበታል?» አለኝ ዳኒ።

ጌታሁንን ጠራሁት። ከስቷል። «ቁልፉን አየሁት» አለኝ። «ቁልፍ ያለበትን ማንም አይንካ ብለዋል። መጣሁ ብለው ስለወጡ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው ክዳኑን የመለስኩት። በማግስቱ ስገባ ሄዷል፤ ፈትተውት የሄዱ መሰለኝ።»

ያስተማርኩትን ነው የሠራው። ሙሉነሽ በበኩሏ «እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣኋት፣ እኔን አባሩኝ» ብላ የዳኒ ቢሮ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ዳኒ ሁሉም ጥፋተኛ ነኝ ሲለው ማንን እንደሚያባርር ጠፋው።

ፊማ ሳይጠራ መጣ። የሥራ ልብሱን ለብሶ ነው የመጣው፣ ከየት እንዳወጣው አላውቅም። «ልማዱ የእኔ ነው» አለ ለዳኒ። «ሰው ሁልጊዜ ወደተዘጋ ቤት የሚመለስ መስሎኝ ነበር። በሩን ሌላ ሰው ከፍቶ ሊጠብቀው እንደሚችል አላሰብኩም።» ቀጥሎም ያልተፈታ ማነቂያ ላይ እንዴት ወረቀት እንደሚፈረም ጠየቀ። በወርክሾፑ ደንብ ፊርማው ከመፍታቱ ይቀድም ነበር፤ ዓመታት እንደዚያ ስንሠራ ማናችንም አልጠየቅንም።

ጌታሁን አልተባረረም። ከቫልቭ ወርዶ ታንከር ማጠብ ላይ ከረመ፣ በኋላ ተመለሰ። ፊርማው ከመፍታቱ በኋላ ሆነ። ጌታሁን ማነቂያዎቹ ሁሉ ላይ ረጅም ክንድ በየደ፤ ክንዱ ከቆቡ ውጭ ስለሚተርፍ ማነቂያው እስካለ ድረስ ክዳኑ አይገጥምም። ቁልፍ ማንጠልጠል ቀረ። ፊማ አዲሱን ማነቂያ በእጁ አገላብጦ አየና «አስቀያሚ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ።

የቀረኝ አያ ይርጋ ነበሩ። ቤታቸው ሄጄ ተናገርኩ። መርዶ ይቅር አላልኩም፤ ሰውየውን ከሥራው ከማንሣታችሁ በፊት በእጁ ምን እንዳለ ጠይቁ ነው ያልኩት። ከልጆቻችን አውቶቡስ የሚነዳ አለ፣ በሽተኛ የምትጠብቅ አለች፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደር አለ። አያ ይርጋ ተቀየሙ። «መርዶ ደግሞ ከአሠሪ ፈቃድ ይጠይቅ?» አሉኝ። «እናትሽን አክብረን የነገርንሽ ጥፋት ሆነ?» ለወራት በደንብ ሰላም አላሉኝም።

ጡረታ ወጣሁ። ዳኒ ኬክ ገዛ፣ ፊማ ዘፈነ።

በዚያው ክረምት አንድ ጠዋት አያ ይርጋ ደወሉ። «ተነሺ» አሉኝ። «የጌታሁን አባት ጎንደር ዐርፈዋል። ሰው ቤቱ እየተሰበሰበ ነው። እኛ መኪና ውስጥ ሆነን እንጠብቃለን፤ አንቺ ግቢና በእጁ ያለውን እይልን።» ቀጥለውም «ሲጨርስ ሚስትህ አሟታል በዪው» አሉ።

ወርክሾፑ ስገባ ጌታሁን ታንከር አናት ላይ ነው፣ ማነቂያው ታስሯል፣ ግፊቱ እየወረደ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«እትዬ! ጡረታው አልበቃዎትም እንዴ? ሊቆጣጠሩኝ ነው የመጡት?»

«ሥራህን ሥራ፣ አትለፍልፍ» አልኩት።

«ፊማ ወሬ ከልክሏል፣ ዘፈን ግን ፈቅዷል» አለና እየሳቀ ያንጎራጉር ጀመር። እኔም ሳቅሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ያን ሳቅ የሚያህል ግን የለም። እሱ መለኪያውን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። አልቸኮለም። ግፊቱ ሲያልቅ ማነቂያውን ፈታ፣ አወረደው፣ ማኅተሙን መረመረ፣ ክዳኑን ገጠመ። ወርዶ ወረቀቱን ፈረመ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ መጣ።

«ደግሞ በዚህ ብርድ ምን እግር ጣለዎት?» አለኝ።

ሚስትህ አሟታል ልለው አፌ ላይ ነበር። አልወጣ አለኝ። እሱ ትከሻዬን አልፎ ውጪ የቆመውን መኪና፣ መኪናው ውስጥ ያሉትን አያ ይርጋን አየ። ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ፣ ደጋግሞ አጠፈው።

«አባቴ ነው?» አለ።

«አዎ ልጄ» አልኩት። «አባትህ ነው።»